ያገለገለ ካያክ አጽድቶ የራስ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ያገለገለ ካያክ የገዙ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አስቸጋሪው እየሄድኩ እመልሳለሁ።

ካያክ ምንድን ነው? ከታንኳ በምን ይለያል?

ካያክ ጠባብና ረዘም ያለ ትንሽ ጀልባ ነው። እግርን ወደ ፊት ዘርግተው ይቀመጡበታል። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ምላስ አለው፤ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያሉ ይቀዝፉበታል። የፈረንጆቹ ታንኳ ግን ላዩ ክፍት ነው፣ መቅዘፊያውም ባለ አንድ ምላስ ነው።

ካያክ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከወገብ በታች ወደ ውስጥ የሚገቡበት ነው። ሌላው ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ነው። ይሄኛው ከላይ እስከ ታች የሚያልፉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ላዩ ላይ የፈሰሰው ውሃ በነሱ በኩል ይወርዳል። «ተበስቷል፣ ተሸወድኩ» ብሎ የደወለልኝ ሰው አለ። አልተሸወደም፤ ሲሠራም እንደዚያው ነው።

ካያኬ ከምን እንደተሠራ እንዴት አውቃለሁ?

በየሰዉ ጋራዥ ተጥለው ከሚገኙት አብዛኞቹ ከፖሊኢቲሊን የተሠሩ ናቸው። ፖሊኢቲሊን ያው የጀሪካን ፕላስቲክ ነው። ውሃ የምንቀዳበት ቢጫ ጀሪካንና ካያካችሁ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ ከታች ካሉት መልሶች ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጀሪካን ቢወድቅ ይጎደጉዳል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ሙጫም ቀለምም እሺ ብሎ አይዘውም። ፀሐይ ላይ ዓመታት ከቆየ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል።

በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ ሞክሩት። ሰም ሰም የሚል፣ ብዙም የማያብረቀርቅ ከሆነ ፖሊኢቲሊን ነው። እንደ መኪና ቀለም የሚያብለጨልጭ ከሆነ ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ወይም ፋይበርግላስ ሊሆን ይችላል። ፋይበርግላስ ከሆነ በውስጥ በኩል የጨርቅ ሽመና የሚመስል ነገር ይታያል። እዚህ የምለው በአብዛኛው ስለ ፖሊኢቲሊኑ ነው።

ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ምኑን ልይ?

መጀመሪያ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ወደ ጠርዙ አካባቢ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ የሚሸጥ ጀልባ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት 12 ምልክት ያለው መለያ ሊኖረው ይገባል። ከ1984 ወዲህ በተሠሩት ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የሞዴሉን ዓመት ይነግሯችኋል። ሻጩ «አምና ነው የገዛሁት» ሲላችሁ ቁጥሩን አይቶ ፈገግ ማለት ነው። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተቆርጦ ከሆነ ግን ዋጋ ሳትከራከሩ ወደ መኪናችሁ ተመለሱ። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ገልብጡት። ጭረት አያስደንግጣችሁ፤ ጭረት ለዋጋ ማስቀነሻ ነው። የሚያስፈራው ስንጥቅ ነው። ከመቀመጫው በታች፣ ውሃ ማውረጃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ መያዣዎቹ የታሰሩበት ቦታ ላይ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ። የኋላውን ጫፍም እዩ። በአስፋልት ላይ እየጎተቱ የኖሩበት ካያክ እዚያ ጋ ተበልቶ ይሳሳል።

በመጨረሻ ገብታችሁ ተቀመጡበት። ሰዎች ይህን ማድረግ ያፍራሉ። ጫማ ሲገዙ ሳይለኩ የሚሄዱ ይመስል! ጉልበታችሁ ካልገባ፣ እግራችሁ መርገጫው ካልደረሰ የፈለገውን ያህል ቢረክስ አይጠቅማችሁም። የጎደለ ዕቃም ዋጋ አለው። እኔ የኔን በ180 ዶላር ገዝቼ ለመቀመጫና ለእግር መርገጫ ሌላ 90 ዶላር ጨምሬያለሁ።

ለጽዳቱ ምን ምን ልግዛ?

ቤት ያለው ይበቃል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ስፖንጅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ኮምጣጤ፣ ቤኪንግ ሶዳና የውሃ ጎማ። የድስት ሽቦ አትጠቀሙ፣ ፕላስቲኩን ይፈገፍገዋል። በኃይል የሚረጭ የውሃ ማሽን ካላችሁ ከራቅ ብላችሁ ተጠቀሙ፤ የክዳኖቹን ጎማና ስቲከር ገንጥሎ ሊወስድ ይችላል።

ከየት ልጀምር?

ከነዋሪዎቹ። ዓመት ሁለት ዓመት ሳይነካ የቆየ ካያክ ባለቤት አያጣም። የኔ አፍንጫው ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ ነበር፤ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ የተርብ ቤት ነበረበት። እጃችሁን ሰዳችሁ አትዳብሱ። ጓንት አድርጉ፣ በባትሪ አብሩ፣ በረጅም እንጨት ነካ ነካ አድርጉ። ተርብ ካለ ማለዳ ሲበርድ ሥሩ፣ ያን ጊዜ ይደነዝዛል። የአይጥ ኩስ ካለ በደረቁ አትጥረጉት፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። ውሃ በተቀላቀለ በረኪና አርጥባችሁ፣ ጥቂት ቆይታችሁ በወረቀት አንሱትና ጣሉ።

ቀጥሎ የሚነቀለውን ሁሉ ንቀሉ። መቀመጫ፣ የእግር መርገጫ፣ ክዳን። ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ብሎኖቹን በቡና ስኒ አስቀምጡ። ይቺ ፎቶ ስትገጥሙ ከሰዓታት ጭቅጭቅ ታድናችኋለች።

አንድ ነገር ግን አትንኩ። ውስጡ፣ ፊትና ኋላ ላይ፣ እንደ ግድግዳ የቆመ ወፍራም ፎም ካለ ቆሻሻ ነው ብላችሁ እንዳትጥሉት። ሁለት ሥራ አለው። ላይኛውን ክፍል ደግፎ ይይዛል፤ ካያኩ ውሃ ሲሞላ ደግሞ እንዳይሰምጥ ያግዘዋል። «አጸዳሁት፣ ቀለለኝ» ብሎ ፎሙን አውጥቶ የጣለ ወዳጅ አለኝ። ቀለለ፤ ግን ውሃ ቢሞላ የሚያንሳፍፈውን ነው የጣለው።

ከዚያ በጎማ ከውስጥ ወደ ውጭ እጠቡት፣ በሳሙና እሹት፣ ገልብጣችሁ አንጠባጥቡት። አሸዋ የሚደበቀው የእግር መርገጫው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ ነው። የጥርስ ብሩሹ ለዚያ ነው። ግሪስ አትቀቡት፤ ግሪስ አሸዋን ይሰበስባል።

ሻጋታውና ሽታው አልለቅ አለኝ። በረኪና ልጠቀም?

መጀመሪያ ኮምጣጤ ሞክሩ። እኩል በእኩል በውሃ በርዛችሁ ርጩት፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ በብሩሽ አሽታችሁ እጠቡት። የመቀመጫው ጨርቅ ከሸተተ እርጥብ እንዳለ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበትና አሳድሩት። ከዚያ ፀሐይ ላይ። ብዙ ጊዜ ሽታው የሚመጣው ከፕላስቲኩ ሳይሆን ውሃ ከጠጣው የመቀመጫ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ካልዳነ ጣሉትና ሌላ ቁረጡ።

በረኪና የግድ ከሆነ በደንብ በርዙት፣ ውጭ ሆናችሁ ተጠቀሙ፣ ብዙ አታቆዩት። ገመድና ጨርቅ ይበላል። ዋናው ነገር ግን በረኪናና ኮምጣጤ በፍጹም አይገናኙ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠባብ ካያክ ውስጥ ጭንቅላታችሁን አስገብታችሁ እያሻችሁ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። በአንዱ ከጀመራችሁ በዚያው ጨርሱ።

የድሮው ባለቤት የለጠፈውን ስቲከር እንዴት ላንሳው?

በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና ከጥጉ ቀስ ብላችሁ ላጡት። የቀረውን ሙጫ በምግብ ዘይት አርሱት፣ ቆይታችሁ በሳሙና እጠቡት። አሴቶን ፖሊኢቲሊንን ብዙም አይጎዳም፣ ኤቢኤስን ግን ያቀልጠዋል። ዓይነቱን እርግጠኛ ካልሆናችሁ አሴቶኑን ለጥፍራችሁ ተዉት።

ቀለሙ ደብዝዟል። ወደ ድሮው ይመለሳል?

ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የፖሊኢቲሊን ካያክ ቀለም ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከፕላስቲኩ ጋር የተዋሃደ ነው። ፀሐይ ያነጣው ራሱ ፕላስቲኩ ነው።

ማድረግ የሚቻለው ከዚህ በላይ እንዳይብስ መከላከል ነው። ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል የሚረጭ ፈሳሽ አለ፤ ቀዛፊዎች ዘንድ 303 በሚለው ስሙ የሚታወቀው በብዛት ይሠራበታል። በደረቀና በታጠበ ካያክ ላይ ርጩት፣ በጨርቅ እሹት፣ እርጥብ ሆኖ የቀረውን ጥረጉት። ፊቱ ወዝ ያወጣል። የክዳኖቹን ጎማም ይጠብቃል። በየጥቂት ሳምንቱ መድገም ያስፈልጋል። መቀመጫውንና እግር የሚረግጥበትን ቦታ ግን ዝለሉት። እኔ አሳምሬ መቀመጫዬን ቀብቼው ቀኑን ሙሉ ከወንበሬ ስንሸራተት ዋልኩ።

ሆዱ ተጫጭሯል። ያሳስባል?

አያሳስብም። በድንጋይ ላይ የተጎተተ ፕላስቲክ ፀጉር ፀጉር ያወጣል፤ እሱን በስለት ቀስ ብላችሁ ላጩት። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ይብስበታል። ጥፍር ጥልቅ ብሎ የሚገባበት፣ ፕላስቲኩን ያሳሳ ጭረት ካለ ወደ ጥገናው ጥያቄ ውረዱ።

ሆዱ ጎድጉዷል። ቅርጹ ይመለሳል?

ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ፕላስቲኩ የድሮ ቅርጹን ያስታውሳል። ከሁሉ የሚቀለው የሐምሌ ፀሐይ ነው። የጎደጎደውን ጎን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ግማሽ ቀን ተዉት። ራሱ «ጧ» ብሎ የሚመለስ አለ። እምቢ ካለ ፎጣ ዘርጉበትና የፈላ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ ከውስጥ በኩል በእጅ ወይም በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ግፉት። ሲመለስ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ እንደተወጠረ ይረጋል።

ቀለም ለመላጥ የሚያገለግለውን የሙቅ አየር መሣሪያ ለጀማሪ አልመክርም። ፖሊኢቲሊን ከመቶ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል መቅለጥ ይጀምራል። ለስላሳ በሆነበትና በፈሰሰበት መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ደግሞ ዋናውን ምክንያት ሳትፈቱ ብታስተካክሉት መልሶ ይጎደጉዳል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መኪና ላይ ገመዱን ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው።

ውሃ ያስገባል። የሚያፈስበትን እንዴት ላግኝ? እንዴትስ ልድፈነው?

መጀመሪያ በእርግጥ ማፍሰሱን አረጋግጡ። ከመቅዘፊያው እየተንጠባጠበ ብቻ ጭናችሁን የሚያረጥብ ውሃ ቀላል አይደለም። ካያኩን ሁለት ወንበር ላይ ፎጣ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። ውስጡ ሁለት ሦስት ባልዲ ውሃ ጨምሩ። መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ጎን አዘንብሉት። ከታች የሚንጠባጠብበትን በማርከር አክብቡ። እስከ አፉ አትሙሉት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት መቶ ሊትር ብትሞሉበት ወንበሩም ካያኩም አይችልም።

ሰው ሁሉ ስንጥቅ ይፈልጋል። እኔ ካየኋቸው የበዙት የሚያፈሱት ግን በብሎን ቀዳዳና በውሃ ማፍሰሻው ቡሽ በኩል ነው። ቡሹን ወይም የደረቀውን የጎማ ቀለበት መቀየር ጥቂት ዶላር ነው። ብሎኑን አውጥታችሁ በአዲስ የጎማ ቀለበት መልሳችሁ አጥብቁት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ያልቃል።

እውነተኛ ስንጥቅ ከሆነ ጀሪካኑን አስታውሱ። ሱፐር ግሉ አይዘውም፣ ሲሊኮኑም ተላጦ ይወጣል። መጀመሪያ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ 3 ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳ ብሱ፤ ስንጥቁ ከዚያ አልፎ እንዳይሄድ ትገታዋለች። ከዚያ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በራሱ ዓይነት ፕላስቲክ መበየድ ነው። የፖሊኢቲሊን ዘንግ ገዝታችሁ፣ ሁለቱን አብራችሁ እያቀለጣችሁ ታዋህዷቸዋላችሁ። ሁለተኛው ጂ ፍሌክስ የሚባለው ዓይነት ተጣጣፊ ኢፖክሲ ነው። እሱን ከመቀባታችሁ በፊት ቦታውን አጽዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ ከዚያ የጋዝ ነበልባል ቶሎ ቶሎ አሳልፉበት። ነበልባሉ ፕላስቲኩን ማቅለጥ የለበትም። የላይኛውን ቆዳውን ለውጦ ኢፖክሲው እንዲይዘው ያደርጋል፣ ሥራው ይህ ብቻ ነው።

ሁሉም ፖሊኢቲሊን ደግሞ አይበየድም። አንዳንድ ካያኮች፣ በተለይ ከቆዩት ውስጥ፣ በሙቀት የማይቀልጥ የፖሊኢቲሊን ዓይነት ናቸው። ቢሞቁም አይፈሱም፣ ያርራሉ። ስለዚህ ከጠርዙ ወይም ከማይታይ ቦታ ፍቃችሁ ሞክሩ። ሥራውን ውጭ ሥሩት፣ ጭሱን አትሳቡ። ከመቀመጫው ሥር ረጅም ስንጥቅ ካለው ግን ካያኩን ይቅር በሉት። አበባ ትከሉበት፤ በጣም ያምራል።

የትኞቹን ዕቃዎች መቀየር አለብኝ?

ላይኛው ፊት ላይ ያለው ላስቲክ ገመድ ከሁሉ ቀድሞ ይሞታል። ስትስቡት የማይመለስ ከሆነ አልቆለታል። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የጀልባ ላስቲክ በሜትር ግዙ፣ የድሮውን መንገድ ተከትላችሁ አስገቡት፣ ጫፉን በክብሪት አተኩሱት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ካያኩን አዲስ የሚያስመስለው ደግሞ ከሁሉ በላይ እሱ ነው። ሁለት ቀለም ብታቀላቅሉ ማን ከለከላችሁ? አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አድርጎ የሠራ አይቻለሁ።

መያዣ ገመዶቹ ከሳሱ ቀይሩ። መቅዘፊያውንም እዩት፤ ሁለቱ ክፍል የሚገጥምበት ቦታ ከላላ ውሃ ላይ ያናድዳል። መሪ ካለው የሽቦ ገመዱ መበጣጠስ ጀምሮ እንደሆነ ተመልከቱ፣ እጅ ይወጋል።

ቀለም ብቀባውስ?

ትችላላችሁ። ግን አታድርጉት። ፖሊኢቲሊን ቀለም እንደማይዝ ከላይ ብያለሁ። ለፕላስቲክ ተብለው የተሠሩ የሚረጩ ቀለሞች አሉ፤ ላይኛው ፊት ላይ በጥንቃቄ ከተሠሩ አንድ ሁለት ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ሆዱ ላይ የተቀባ ግን የመጀመሪያው ጠጠር ጋ ሲደርስ ይላጣል። የተላጠው ቀለም ደግሞ የሚገባው ወንዙ ውስጥ ነው። እኔ ለቀለም ከማጠፋው ቅዳሜ አንዱን መቅዘፍ ይሻለኛል።

የግድ ካላችሁ ላይኛው ፊት ላይ ትንሽ ቅርጽ ብቻ ሥሩ። የመለያ ቁጥሩን እንዳትሸፍኑት። መለያውን ማጥፋት ወይም መለወጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

ስሙን በአማርኛ መጻፍ እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ምርጡ ነገር ለጀልባ የሚሆን ቪኒል ስቲከር አስቆርጦ መለጠፍ ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ጽሑፉን በምስል መልክ ላኩላቸው። በተራ ጽሑፍ ከላካችሁት ማሽናቸው ፊደላችንን አያውቀውም፤ ባዶ ሳጥን ቆርጦ ይልክላችኋል። አንድ ወዳጄ አራት ሳጥን በ25 ዶላር ገዝቷል።

ወፍራም ፊደል ምረጡ። የቁም ጽሕፈት ዓይነት ቀጭን እግርና ሹል ጫፍ ያለው ወረቀት ላይ ያምራል፣ ውሃ ላይ ግን ከጫፉ መላጥ ይጀምራል። ክብ ክብ ጥግ ያለው ይቆያል። «መ»፣ «ወ»፣ «ዐ» መሐላቸው ክፍት ነው፤ ትንሽ ካደረጋችኋቸው ከሩቅ ድፍን ጥቁር ነጥብ ይመስላሉ። የፊደሉ ቁመት ከአምስት ሴንቲሜትር አይነስ። ደግሞ ስሙን አሳጥሩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የጀመረ ሰው «እግዚአ» ላይ ቦታ አልቆበታል።

አለጣጠፉ ላይ፣ ቦታውን በሳሙና፣ ቀጥሎ በአልኮል ጥረጉት። 303 የተቀባ ቦታ ላይ ምንም አይጣበቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስቲከር፣ ኋላ 303። ሞቅ ባለ ቀን ለጥፉ፣ በደንብ ተጫኑት፣ አንድ ቀን ከውሃ አርቁት። የሚለጠፈው በላይኛው ግማሽ ነው። ሆዱ ላይ ዕድሜ የለውም። የኔ ስሙ «ሰልባጅ» ነው። አራት ፊደል፣ በሁለቱም ጎን። ባለቤቴ ስሙን ስትሰማ ሌላ እንድመርጥ ለምናኝ ነበር።

ከስሙ በተጨማሪ ውስጡ ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉ። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ በጎ ፈቃደኞች ለዚህ የሚሆን ስቲከር በነጻ ያድላሉ። ባዶ ካያክ ሲንሳፈፍ ከተገኘ ሰው ሰጥሟል ተብሎ ፍለጋ ይጀመራል። ስልካችሁ ካለ በአንድ ጥሪ ያበቃል።

የዓሣ ዘንግ መያዣ፣ የስልክ ማስቀመጫ ምናምን ልገጥም ነው። እንዴት ልብሳው?

አትብሱት። ገና ነው። መጀመሪያ ሦስት አራት ጊዜ ቅዘፉበት። እኔ በገዛሁበት ሳምንት የዘንግ መያዣ ገጠምኩ፤ ቆንጆ ሆኖ ነበር። ውሃ ላይ ስወጣ መቅዘፊያዬ በየምቱ ያንን መያዣ ይመታል። ነቀልኩት። ቀዳዳዎቹ ዛሬም በብሎንና በጎማ ቀለበት ተደፍነው አሉ፤ ባየኋቸው ቁጥር ያሳፍሩኛል። ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ እጃችሁ የት እንደሚደርስ አታውቁትም። የት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ዕቃውን ለጊዜው በገመድ እሰሩት።

ስትበሱ ከውሃው መስመር በላይ ይሁን። ከጀርባው ምን እንዳለ እዩ። ቀዳዳውን ከትንሽ ጀምሩ፤ ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ አይቻልም። እጅ በውስጥ በኩል ከደረሰ በማይዝግ ብሎንና በሰፊ ቀለበት እሰሩት። ካልደረሰ ውስጥ ገብቶ እንደ አበባ የሚከፈት ሪቬት አለ። በሁሉም ሥር የጎማ ማሸጊያ አስገቡ። ምቾት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ግን መብሳት አያስፈልግም፤ ከወፍራም ፎም ለዳሌና ለጉልበት ቆርጣችሁ ደግፉበት። ከሁሉም ጌጥ የሚበልጠው እሱ ነው። ካያኩ በልክ የተሰፋ ልብስ ይሆናል።

ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ብገጥምበትስ?

እዚህ ጋ ነገሩ ይለወጣል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በመቅዘፊያ ብቻ የሚሄድ ካያክ መመዝገብ አያስፈልገውም። ሞተር ከገጠማችሁበት ግን፣ በባትሪ የሚሠራ ቢሆንም፣ ምዝገባ ይጠየቃል፤ ቁጥሩም ጎኑ ላይ ይለጠፋል። ሌላ ግዛት ስትሄዱ ደግሞ ደንቡ ሌላ ነው። ለምሳሌ ኦሃዮ ያለ ሞተርም ያስመዘግባል። ስለዚህ የሽያጭ ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈም ቢሆን፣ ከሻጩ ተቀበሉ። ሞተር ባትገጥሙም ያስፈልጋችኋል።

ከካያኩ ጋር አሮጌ ላይፍ ጃኬት ሰጡኝ። ይሆነኛል?

ውስጡ ያለው ጽሑፍ የሚነበብ፣ የባሕር ዳርቻ ጠባቂው ማረጋገጫ ያለበት፣ ዚፑና ማሰሪያው የሚሠራ፣ ፎሙ ተጭናችሁ ስትለቁት የሚመለስ ከሆነ ሊሆን ይችላል። የደረቀና የተሸበሸበ ከሆነ ጣሉት። የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ ካያኩን ያገለገለ ግዙ፣ ጃኬቱን አዲስ።

በፌደራሉ ሕግ መሠረት ለያንዳንዱ ሰው አንድ ጃኬት ካያኩ ላይ መኖር አለበት። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ መልበስ ግዴታው ነው። ፔንሲልቬንያ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ካያክ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲለብስ ታስገድዳለች፤ ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ። ፊሽካም ጃኬቱ ላይ እሰሩ። ብዙዎቻችን ደጋ ላይ ያደግን ነን፤ ዋና የተማርነው የልጆቻችንን የዋና ትምህርት በመስኮት እያየን ነው። ስለዚህ ጃኬቱ ካያኩ ላይ ሳይሆን ሰውነታችሁ ላይ ይሁን። የመጀመሪያውን ሙከራ ፖቶማክ ላይ አታድርጉ። እንደ ቡርክ ሐይቅ ያለ የረጋ ውሃ ይሻላል። ፖቶማክ ከላይ ሲያዩት የተኛ ይመስላል፤ ግሬት ፎልስና ብሩክሞንት ግድብ ጋ ግን ብዙ ሰው በልቷል።

ከሐይቅ ሐይቅ ስሄድ ለምን አጥባችሁ አድርቁ ይሉናል? ውሃ አይደለም እንዴ?

እንቦጭን ታውቁታላችሁ። ጣና ላይ በፈረንጆቹ 2011 አካባቢ ታየ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። እዚህም የራሳቸው እንቦጭ አላቸው። ፖቶማክ ውስጥ ሃይድሪላ የሚባል አረም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገብቶ ተንሰራፍቷል። ዜብራ መስል የምትባለው ቀንድ አውጣ መሳይ ደግሞ በ1988 በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ተገኘች፤ ዛሬ ብዙ ግዛት ውስጥ አለች። ቁራጭ ቅጠል ወይም ዓይን የማያየው እጭ በካያካችሁ ውስጥ በቀረች ጠብታ ውሃ ተሳፍሮ ይሄዳል።

ሥራው ቀላል ነው። ከውሃው ስትወጡ እዚያው አረሙን ልቀሙ፣ ውሃውን አፍስሱ፣ ወደ ሌላ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት አምስት ቀን ያህል አድርቁት። ያገለገለ ካያክ ስትገዙም ከየት ውሃ እንደመጣ አታውቁምና የመጀመሪያው እጥበት ቤታችሁ ግቢ ይሁን።

ብርዱ ሲመጣ የት ላስቀምጠው? ቦታ የለኝም።

ጥላ ያለበት ቦታ፣ በጎኑ ወይም ተገልብጦ። በሁለት ሰፊ ማሰሪያ ከግድግዳ ብታንጠለጥሉት ጥሩ ነው፤ በመያዣዎቹ ግን አትስቀሉት፣ መሐሉ ይጎብጣል። መሬት ላይ በሆዱ ለወራት አይተኛ። ክዳኖቹን ከፈት አድርጋችሁ ተዉ፤ አለዚያ ሻጋታው ይመለሳል። አፉን ግን በወንፊት ነገር ሸፍኑት፤ የአይጧ ልጆች ቤቱን ያውቁታል። ታውንሀውስ ውስጥ ካላችሁ የማኅበሩን ደንብ አንብቡ፤ ደጅ ላይ የተቀመጠ ካያክ ቅጣት ያመጣባቸው አሉ።

የጣና ሰዎች ከደንገል የሠሩትን ታንኳ ከውሃ ሲያወጡት ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል። ውሃ የጠጣ ደንገል ይከብዳል፣ ይበሰብሳልም። የኛው ፕላስቲክ አይበሰብስም ብለን ነው የምንሰንፈው።

ኢትዮጵያ ልውሰደው?

ይህን አይውሰዱት። ሦስት ሜትርና ሃያ ኪሎ ያህል የሆነ የማይታጠፍ ካያክ እንደ ሻንጣ አይገባም፤ የኮንቴይነሩ ወጪ ደግሞ ከካያኩ ዋጋ ይበልጣል። ከልባችሁ ከሆነ አየር የሚነፋውን ዓይነት ፈልጉ፤ ታጥፎ በ23 ኪሎ ሻንጣ የሚገባ አለ። ጉምሩኩን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ውሃውንም ምረጡ። ጣና ላይ ጉማሬ አለ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ በተለይ። ቢልሃርዚያም አለበት። ጫሞ ላይ አዞ አለ፤ አየር የተነፋበት ጀልባ ላይ ሆኖ አዞ ማየት እኔ አልፈልግም። የአካባቢውን ባለ ታንኳ ጠይቁት። ጉማሬው ጠዋት የትኛው ጥግ እንደሚውል የሚያውቀው እሱ ነው።